እመት አንጓችና የብረት ዳሌያቸው

የእመት አንጓችን ማረፍ የነገረኝ ካሳ የሚባል የጭነት ማኪና ሹፌር ነው። ጎንደር ፒያሳ ከአንድ ሻይ ቤት በር ላይ ቆሜ ሳለ ከመንገዱ ማዶ አየኝና ማኪናውን አቁሞ፣ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «የኮሶዬዋ ዳኛ አረፉ። ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ።

የሰው ሞት ሲነገር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ሆኖ?» ነው። ከእኔ አፍ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ዳሌያቸውስ?» አልሁት።

ካሳ ጥያቄው አልገረመውም። «ዳሌያቸውማ ምን ይሆናል? እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ወዲያ ወዲህ ሲሉበት ነበር። የወሰዳቸው የሳንባ ምች ነው።» ከኋላው የቆመው ማኪና ጡሩንባ ሲነፋበት እጁን አውለብልቦልኝ ሄደ።

እኔ ዕድሜዬን በሆስፒታል ራጅ ቤት ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። የብዙ ሰው አጥንት አይቻለሁ፤ የአብዛኛውን ባለቤት መልክ ግን ረስቻለሁ። የእመት አንጓችን መልካቸውንም አጥንታቸውንም ዛሬ ከሺህ መሀል ቢቀላቅሉብኝ ለይቼ አወጣለሁ።

እመት አንጓች ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ኮሶዬ ላይ፣ ምግብ ቤት ነበራቸው። አንድ ረዘም ያለ የጭቃ ቤት ነው፤ በግድግዳው ጥግ ጥግ መደብ፣ በመሀሉ ዝቅ ዝቅ ያሉ ዱካዎች። ከውጭ ያለው ብርድ አጥንት ስለሚሰብር፣ ከቤታቸው የሚወጣው የሽሮና የጥብስ ሽታም ስለማያሳልፍ፣ ሹፌር ሁሉ እዚያ ይቆማል። ባላቸው ቀደም ብሎ ሞቷል፤ ልጅ አልወለዱም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ነበሩ። ነገር ሲያስቡ ቀኝ መዳፋቸውን ዘርግተው እያገላበጡ ያዩታል፤ መልሱ እጃቸው ላይ የተጻፈ ይመስል።

የዚያን ጊዜ ሰው የሚጓዘው ከጭነት ላይ ተቀምጦ ነው። እመት አንጓችም ከጎንደር ጨውና በርበሬ ጭነው ተመልሰው፣ ማኪናው ደጃፋቸው ቆሞ ሲወርዱ እግራቸው በጭነቱ ገመድ ተጠለፈና ወደቁ። «ያን ሁሉ ገደል በሰላም አልፌ ከደጄ ላይ ወደቅሁ» እያሉ በኋላ ይስቁበት ነበር። ወጌሻ መጣ፣ አሸ፣ አሰረ፤ ምንም አልፈየደም። እግሩ ወደ ውጭ ዞሮ ቀረ። በመጨረሻ በዚያው ማኪና ጀርባ በፍራሽ ተኝተው ጎንደር መጡ።

ራጁን ያነሣሁ እኔ ነኝ። የጭናቸው አጥንት ከአናቱ፣ ዳሌ ውስጥ ከሚሽከረከረው ክብ ራስ ሥር ተቆርጧል። ያኔ የነበረን ቀዶ ሐኪም ፈረንጅ ነበር፤ አማርኛ አያውቅም፣ የማስተረጉምለት እኔ ነበርሁ። ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ቆይቶ አየውና ወደ አልጋቸው ሄድን።

«በግ ሲበለት አይተው ያውቃሉ ወይ በላቸው» አለኝ።

«ስጋ ስከትፍ ነው የኖርሁት በለው» አሉ።

«ጭኑ ከዳሌው ሲለይ ክብ አጥንት ከጎድጓዳው ውስጥ ይወጣል አይደል? የእርስዎ ክቡ ነው የተሰበረው። አውጥቼ በብረት እተካዋለሁ።»

እመት አንጓች መዳፋቸውን አገላበጡ። «ብረቱ ይዝጋል?»

«አይዝግም።»

«ስንት ዘመን ያገለግላል?»

ይህን ስተረጉምለት ዶክተሩ ወንበር ስቦ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠ። «አላውቅም በላቸው። ይህ ነገር በዓለም ላይ ገና አዲስ ነው። ከተደረገላቸው ሰዎች ረጅም ዘመን ኖሮ ያሳየን የለም። በየዓመቱ እየመጡ ራጅ ቢነሡ እሳቸውም እኔም አብረን እናያለን።»

ተረጎምሁላቸው። «አላውቅም ነው ያለው?» ብለው አጣሩ።

«አዎ።»

«እንግዲያ ይህ ሰው አይዋሽም። ይቅደደኝ።»

ተቀደዱ፤ ብረቱም ገባ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በምርኩዝ ሲራመዱ ያየ ሁሉ ጉድ አለ። ነገር ግን ዶክተሩ አንድ ብርቱ ትእዛዝ ሰጣቸው። ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ከፍ ማለት የለበትም። ዱካ ላይ መቀመጥ ክልክል፣ ቁጢጥ ማለት ክልክል፣ ወለል ላይ መስገድ ክልክል። አለዚያ ብረቱ ከጎድጓዳው ሊወልቅ ይችላል።

እመት አንጓች ትእዛዙን ሰምተው አሰቡና፣ «ሜዳ መውጣትስ?» አሉ።

ይህንንም ተረጎምሁ። ዶክተሩ እስከ ጆሮው ቀላ። መልሱን ያገኘው የጎንደር አናጢ ነው። ሁለት ረጃጅም ወንበር ሠራላቸው፤ አንዱ መደገፊያና ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ሌላው መሀሉ የተቀደደ። «አንዱ ለእንግዳ ቤት፣ አንዱ ለጓሮ» አሉ እመት አንጓች፤ ሁለቱንም ማኪና ላይ አስጭነው አገራቸው ገቡ። የስግደቱን ነገር ደግሞ ለነፍስ አባታቸው ነገሯቸው። ቄሱ፣ «ቆመሽ አንገትሽን ዝቅ አድርጊ፤ እግዜር ወለልሽን አይለካም» ብለው ፈቱላቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም አላሰበውም። ኮሶዬ ላይ ሰው ሁሉ የሚቀመጠው ዝቅ ብሎ ነው። እመት አንጓች ግን ከመሀል ቤቱ፣ ከሁሉ ራስ በላይ፣ ክንዳቸውን ክንድ ማሳረፊያው ላይ ጥለው፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ለሚያያቸው ችሎት ያስቻሉ ይመስላሉ። ሹፌሮቹ በቀልድ «ዳኛዋ» ማለት ጀመሩ። ቀልዱ ወር አልቆየም።

አንድ ቀን ስንዱ የምትባል የዚያው አገር ወጣት ሚስት ባሏን ጥላ ወደ ጎንደር ለመሄድ ማኪና ትጠብቅ ነበር። ባሏ ሙላው እየሮጠ ደረሰ። ሁለቱም እየተጯጯሁ ቤቱ ውስጥ ገቡ፤ ቀና ሲሉ እመት አንጓችን አዩና ሙላው ነጠላውን አደግድጎ «እመት፣ ይፍረዱኝ» አለ። ለምን እንዳለ እሱም አያውቅም። ወንበሩ ነው ያስባለው።

እመት አንጓች መዳፋቸውን አገላብጠው አዩ። «ምነው ሄደች?» አሉት።

«እንጃ። ሥራ አልጎደለባትም፣ አልመታኋት።»

«እሷን እጠይቃለሁ። አንቺ ምነው ሄድሽ?»

ስንዱ፣ «ካገባኝ ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ‹ስሚ› ነው የሚለኝ» አለች።

«እንዲህ ነው?» አሉት ሙላውን። አቀረቀረ። «እንግዲያ ዛሬ እዚህ ታድራለች። አንተ ወደ ቤትህ ሂድ። ነገ ጠዋት ከበሩ ላይ ቁምና በስሟ ጥራት። ከወጣች የአንተ ናት፤ ካልወጣች ማኪናው አለ።»

በማግስቱ ሙላው በሩ ላይ ቆሞ «ስንዱ» አለ። ወጣች። ወሬው በሹፌሮች አፍ ከደባርቅ እስከ እንፍራንዝ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ጠብ ሲኖረው ምሳ አሳቦ ኮሶዬ ይመጣ ጀመር። ስንዱም ቀን ቀን ከእመት አንጓች ጋር እየሠራች ቀረች።

ከሁሉ የማልረሳውን ግን እዚያው ሆኜ አይቻለሁ። ለክትባት ሥራ ወደ ደባርቅ ስንሄድ ለምሳ ቆመን ነበር። ጥቂት እንደቆየን አንድ ትልቅ ሹም ከአጃቢዎቻቸው ጋር ገቡ፤ ስማቸውን ልተወው። ሰው ሁሉ ተነሣ። እመት አንጓችም ተነሥተው እጅ ነሡና ተመልሰው ተቀመጡ። ለሹሙ የቀረበላቸው ቆዳ የለበሰ ምርጥ ዱካ ነው፤ ዱካ ግን ያው ዱካ ነው። ሲቀመጡ ራሳቸው ከእመት አንጓች ጉልበት ጋር ተካከለ።

ከአጃቢዎቹ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ «ምነው አንቺ፣ ጌታው እዚህ ሆነው ከላይ ትጎለቻለሽ? ውረጂ እንጂ» አላቸው።

«ሐኪም ከልክሎኛል» አሉ።

ሹሙ ሰሙ። «ሐኪም ከእኔ በላይ ተቀመጪ አለሽ?»

እኔ እጄን ከትሪው ሰብስቤ አቀረቀርሁ፤ ሐኪሙ የእኛው ዶክተር፣ ተርጓሚው ደግሞ እኔ ነኝና።

«ከእርስዎ በላይ አላለኝም ጌታዬ» አሉ እመት አንጓች። «ከጉልበትሽ በላይ ተቀመጪ ነው ያለኝ። ጉልበቴ እንደሚያዩት ሩቅ ነው። ካስቀየምሁ እቆማለሁ፤ መቆም አልከለከለኝም።» ይህን ብለው ተነሥተው ቆሙ።

ሹሙ መብላት ጀመሩ። እመት አንጓች ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ምንም እንዳልሆነ፣ «ይብሉ፣ ይጨመርልዎት» እያሉ አስተናገዱ። ምሳው አልቆ ሹሙ ሊነሡ ሲሉ ግን ጉልበታቸው እምቢ አለ። ደግመው ሞከሩ፤ ዱካው አብሯቸው ተነሥቶ ተመልሶ ወደቀ። አጃቢዎቹ ግራና ቀኝ ብብታቸውን ይዘው አቆሟቸው። ሲቆሙ ፊታቸው ከእመት አንጓች ፊት ጋር ትክክል ገጠመ። ማንም ለመሳቅ አልደፈረም።

እመት አንጓች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጉልበት ነው?» አሉ።

ሹሙ ዙሪያውን ቃኝተው፣ «ጉልበት ነው። ክረምት ሲገባ ይብስበታል» አሉ።

«ዱካ ጠላትዎ ነው እንግዲህ።»

ሹሙ ወደ ወንበሩ ጠጋ ብለው ክንድ ማሳረፊያውን ነካ ነካ አደረጉት። «ማነው የሠራልሽ?»

ብዙ ሳይቆይ ለሹሙ የተሠራ፣ ከእመት አንጓች ወንበር በስንዝር የሚበልጥ ወንበር በማኪና ተጭኖ በኮሶዬ ሲያልፍ ሰው ሁሉ አየ። እመት አንጓች ከደጃፋቸው ሆነው በዓይናቸው ለኩትና፣ «ይሁን። ከሐኪሙ ቃል አልወጡም» አሉ።

በየዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጎንደር ይመጡ ነበር። ሹፌሮች ጋቢና ለእሳቸው ይለቁላቸዋል። ራጅ ቤት ሲገቡ ስለ ጤናዬ ከጠየቁ በኋላ «ብረቴ እንዴት ነው?» ይላሉ፤ ሩቅ አገር ስላለ ዘመድ የሚጠይቁ ነው የሚመስሉት። አዲሱን ፊልም ከአምናው ጎን ሰቅለን፣ ዶክተሩ፣ እሳቸውና እኔ ሦስታችን ቆመን እናያለን። ዶክተሩ የሥራ ዘመኑ አልቆ አገሩ ሲገባ እመት አንጓች ጋቢ አለበሱት። እሱም ለእኔ፣ «ፊልሙን እንዳታቋርጥ» ብሎኝ ሄደ። አላቋረጥሁም።

ጥሩ ጥሩ ዓመታት አለፉ። ከዚያ አንድ ጥምቀት ሲመጡ ከጋቢና የወረዱት በሰው ትከሻ ነው። ጭኔን ያመኛል አሉ፤ ስነሣ ያመኛል፣ ትንሽ ስሄድ ይተወኛል፣ ደግሞ ይመለሳል። ፊልሙን ሳጥብ ነገሩ ታየኝ። የብረቱ እግር አጥንቱ ውስጥ ተላቆ ዝቅ ብሏል፤ ክብ ራሱም ጎድጓዳውን እየበላ ወደ ላይ ዘልቋል። የፊተኛው ዶክተር አላውቅም ያለውን ነገር እነሆ እያወቅነው ነበር።

አዲሱ ዶክተር ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ከእንግዲህ አስተርጓሚ አያስፈልግም። «እመት፣ እንዳለ ልንተወው እንችላለን፤ ሕመሙ ግን ይብሳል። ወይም ይህን አውጥተን አዲስ ዓይነት እናገባለን። አሁን ጎድጓዳውም አብሮ ይለወጣል፣ በሲሚንቶም ይያዛል። በጥቅምት በዚህ ሥራ የሠለጠነ ሐኪም ይመጣልናል። አደጋ የለውም አልልዎትም፤ ደም ይፈሳል፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል» አላቸው።

«በሲሚንቶ? ቤት ልትሠሩብኝ ነው?» ብለው ሳቁ። «አስቤ እመጣለሁ» አሉና ሄዱ።

አልመጡም። ክረምቱ ሲያበቃ ልጠይቃቸው ኮሶዬ ወጣሁ። ቤቱ ሹፌር አጥቷል። እመት አንጓች ከጓዳ ተኝተዋል፤ ፊታቸው ከስቷል።

«ምነው ቀሩ?» አልሁ።

መዳፋቸውን አዩ። «ፈርቼ ነው» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። «የፊቱን ተሸክመው ነው ያስገቡኝ። ሕመሙ ስለ ሌላ ነገር አላሳስብ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን በእግሬ ሄጄ፣ ልብሴን በእጄ አውልቄ፣ ቅደዱኝ ብዬ ልተኛ ነው። ይሄ ሌላ ዓይነት ልብ ይፈልጋል። እሱን ከወዴት ላምጣው?»

የመለሰችው ስንዱ ናት። ከበሩ ቆማ ስትሰማ ቆይታ ገባችና፣ ነጠላዋን አደግድጋ እንደ ባለጉዳይ ቆመች።

«እመት፣ ክስ አለኝ። አንዲት ሴት እግሯን ያማታል። የሚያክማት ሐኪም ተገኝቷል። አልሄድም ብላለች። እሷን ብለው ደግሞ ከየአገሩ የሚመጡ ሰዎች እየተመለሱ ነው። ይፍረዱልኝ።»

«ተከሳሿ እኔ ነኝ?»

«ስም አልጠራሁም።»

እመት አንጓች ትራሱን ተደግፈው ቀና አሉ። «ዳኛ በራሱ ጉዳይ አይፈርድም። ለጥቅምት ቀጥሬያለሁ።»

«ጥቅምት ስንት?»

«ጥቅምት ብያለሁ። ሙሉ ወር ነው።»

በወሩ አጋማሽ የካሳ ማኪና ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመ። ቃሬዛ ይዘን ወጣን። እመት አንጓች በእጃቸው ገፉት። ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በየጥቂቱ እየቆሙ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ያን ረጅም ግቢ በእግራቸው ዘለቁት። ስንዱ ከኋላቸው ነበረች፤ አትንኪኝ ስላሏት አልነካቻቸውም። እኔም አላገዝኋቸውም። በዕድሜዬ ካየሁት ጀግንነት ያን የሚበልጥ የለም።

ሥራው ከታሰበው በላይ ጊዜ ወሰደ። አጥንታቸው ሳስቶ ነበርና ብዙ ደም ፈሰሳቸው። ነርሷ ወጥታ ደም የሚሰጥ ያስፈልጋል ስትል ግቢው ውስጥ የነበሩት ወዳጆቻቸው አንድ ባንድ ወደ በሩ ፈቀቅ አሉ። ያን ጊዜ ደም መስጠት ነፍስ እንደ መስጠት ነበር። ሙላው ብቻ ባለበት ቆሞ ቀረ። ከስንዱ ጋር በተጣላ ቁጥር እመት አንጓች አንድም ቀን ለእሱ ፈርደውለት አያውቁም። እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። ደሙም የሚሆናቸው ሆኖ ተገኘ። ካሳም አፍሮ ተመለሰና ተከተለው።

ከዚያ ያለው ሳምንት ከባድ ነበር። ትኩሳት ያዛቸው፣ ቃዡ፣ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ምሳ አዘዙ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስገባ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሙላው ከአልጋቸው ግርጌ ቆሞ፣ «አሁንማ ደሜ ውስጥዎ አለ። እስቲ ከእንግዲህ ትንሽ ለእኔም ያድሉ» ይላቸዋል።

«ደምህን አመሰግናለሁ» አሉት። «ጥፋትህ ግን ያው ጥፋትህ ነው።»

ድነው ተነሡ። ሕመሙ ጠፋ። ያ እግራቸው በትንሽ አጥሮ ስለቀረ ጫማ ሰፊ ወፍራም ሶል ለጠፈላቸው፤ ሲራመዱ አንዱ እግር ቀስ ሌላው ድም ይላል፤ ሹፌሮች ገና ሳያዩአቸው በድምፁ ያውቋቸዋል። የሚወጡ ዕለት ዶክተሩን ምንም ሳይጠይቁ ሲሰናበቱት አየሁና፣ «ይህኛውስ ስንት ዘመን እንደሚያገለግል አይጠይቁም?» አልኋቸው።

«እኔስ ስንት ዘመን እንደማገለግል መቼ አወቅሁ?» አሉኝ። «አብረን እናየዋለን።»

አብረው አዩት። ከዚያ በኋላ በየጥምቀቱ ያነሣኋቸው ፊልሞች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ጎን ለጎን ስሰቅላቸው የቱ የአምና፣ የቱ የዘንድሮ እንደሆነ መለየት ያቅተኝ ነበር። በመጨረሻ እመት አንጓች፣ «ይሄ ብረት ወሬ የለውም፤ ከአሁን ወዲያ አንተ ናና እኔን እይ» አሉኝ። እየሄድሁ አያቸው ነበር።

ለአርባቸው ኮሶዬ ወጣሁ። ሰዉ ብዙ ነው፤ ተጣልተው በእሳቸው የታረቁ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይበላሉ። ሙላው ሸበት ጣል አድርጎበታል። ከእኔ አጠገብ ተቀመጠና የቀብሩን ዕለት አጫወተኝ።

ሊገነዙ ሲሉ አንድ ጭንቀት ገብቶት ነበር። ውስጣቸው የፈረንጅ ብረት አለ። እግዜር የፈጠረው አጥንት አይደለም። ይህን ይዘው ቢቀበሩ ኃጢአት ይሆን? ከቀባሪውም አንዳንዱ እንዲሁ እያለ ያንሾካሹክ ነበር። ስለዚህ ሙላው ወደ ነፍስ አባታቸው ጠጋ አለና ጠየቃቸው።

«አባ፣ የእመት ዳሌ ብረት ነው። ሐኪም ቤት ተወስደው ይውጣላቸው ወይስ ከነብረታቸው ይቀበሩ?»

ቄሱ በጣም አርጅተዋል። መስቀላቸውን እንደያዙ ሙላውን ትክ ብለው አዩት።

«ታዲያ በትንሣኤ ቀን ስትጠራ በምኗ ልትቆም ነው?» አሉና ግነዛውን ቀጠሉ።